ከውኃ በላይ መታየት

በስኩባ፣ ማለትም የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ በሚደረግ ጠለቃ፣ አደጋው ጠላቂው ወደ ገጽ በመውጣቱ ብቻ አያበቃም፤ ማዕበል ባለበት ባሕር ከውኃ በላይ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ስለሆነ ቅርብ ያለ ጀልባ እንኳ ሊስተው ይችላልና። በ1998 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ሁለት አሜሪካውያን ጠላቂዎች በጀልባቸው ተረስተው ቀርተው በሕይወት አልተገኙም፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው የምልክት መሣሪያን እንደ ትርፍ ጓዝ ሊቆጥር አይገባውም።

ቀዳሚው መሣሪያ የገጽ ጠቋሚው፣ ማለትም አየር ሲሞላ ቀጥ ብሎ የሚቆም ብርቱካናማ ቱቦ ነው፤ ጠላቂው ከመውጣቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በሚቆይበት የ5 ሜትር ጥልቀት ላይ ሆኖ በገመድ ወደ ላይ ቢለቀው፣ ጀልባ ነጂው ሰውየው ገና ሳይወጣ ያለበትን ያውቃል፤ ስለዚህ በኪስ ለመያዝ ከሚመቸው አጭሩ ይልቅ ከማዕበሉ በላይ የሚታየው ረጅሙ ይመረጣል። ፊሽካን የሞተር ድምፅ ይውጠዋል፣ መስተዋት ፀሐይ ይሻል፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ደግሞ በተለይ ለጨለማ ይጠቅማል፤ ሦስቱም ቀላልና ርካሽ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ማማረጥ አያስፈልግም። በ406 ሜጋኸርዝ ሞገድ በሳተላይት በኩል ለነፍስ አድን ማዕከል የሚጠራው የግል አደጋ አመልካች ግን፣ አብዛኛው ዓይነት ለጠለቃ ጥልቀት ስላልተሠራ፣ ግፊት በሚቋቋም መያዣ ካልታሸገ ለጠላቂ አይሆንም።