የሞተር ሰሞን

ሀዋሳ፣ ግንቦት 3
የሞተር ሥልጠናው ዛሬ ተጀመረ። ጋሼ የምንላቸው አሠልጣኛችን ሞተር ሳያስነሱ ስለ ፍሬን ብቻ ሲያወሩ አረፈዱ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ብዙ ሰው ግን “የፊቱን ከነካህ ትገለበጣለህ” ሲባል ስለኖረ የኋላውን ብቻ ይረግጣል፤ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። “ጣጣው ድንገት መጨበጡ ነው” አሉ ጋሼ። “ሎሚ እንደምትጨምቁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁት።”

ግንቦት 5
መታጠፍ። ሞተሩ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙ እጀታ ወደ ፊት ይገፋል። “ጋሼ፣ የተገላቢጦሽ አልሆነም?” አለች አብራን የምትሠለጥን አንዲት ነርስ። “ግፊና እይው!” ገፋች፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ ዞረላት። ሳቋ ከሄልሜቱ ውስጥ ተሰማን። የሞተር ደስታው ይሄ ነው፦ ወገብ፣ ጉልበትና ዓይን ሁሉ ይነዳሉ። የመለማመጃውን ኮን ፈርቶ ያፈጠጠበት ልጅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሄዶ ገጨው። ዓይን ማየት ያለበት የመታጠፊያውን መውጫ ነው።

ግንቦት 8
ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ክፉ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ይላቁጣል፣ የዜብራው ቀለምም ያንሸራትታል። ከመለማመጃው ሜዳ ውጭ አንድ ወጣት ሁለት ሰው ጭኖ፣ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ አለፈ። ክርኑስ ተርፏል! ሄልሜት የሚያድነው ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ምቱን ሲውጥ ነው፤ አንዴ ክፉኛ ከተመታ ውጪው ደህና ቢመስልም ይቀየራል። አገጭ ሥር ካልታሰረም ከራስ ላይ ወልቆ ይሄዳል።

ግንቦት 10
ጋሼ ስለ አንድ የቆየ ጥናት ነገሩን። ሃሪ ኸርት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የመራው ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አወጣ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶዎቹ መንዳትን የለመዱት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጩት ደግሞ ከሦስት አደጋ የሁለቱ ጥፋት ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ነጂ ነበር። እኛ ጋ ያለ ፍሬቻ የሚታጠፈው ባጃጅ ትዝ አለኝ። “የነጂውን ፊት ተዉት፤ የፊት ጎማውን እዩ” አሉ ጋሼ። ሐሳቡን ቀድሞ የሚናገረው ጎማው ነው።

ግንቦት 12
ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ዕቃ ለማድረስ ሥራ ቦክሰር የሚባለውን ሞተር ሊገዛ ዋጋ እየተከራከረ ነው።
“ማን ያስተምርሃል?”
“ጓደኛዬ ያለማምደኛል፣ እታለም።”
“እሱንስ ማን አለማመደው?”
ሳቀ። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚያደርገው የለመደውን ነው፤ ፍሬኑን ድንገት ጭብጥ አድርጎ መያዝ የለመደ እጅ በዚያች ሰከንድ ምክር አይሰማም። ስለዚህ ከሞተሩ ገንዘብ ላይ ለሥልጠናና ለደህና ሄልሜት ቀንስ አልኩት። ካልበቃው ጎማና ፍሬኑ ደህና የሆነ አሮጌ ሞተር ይግዛ።