የወተቱ ዱቤና ጸሐፊው ማሽን



ገፈርሳ ብርዳም አገር ነው። ከግድቡ በኩል የሚነሣው ነፋስ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰውን መልሶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይከተዋል። እናቴ ግን ሶላቷን እንደጨረሰች ሁለቱን ላሞቿን ታልባለች፤ ፀሐይ ሳትወጣም የሠፈሩ ልጆች ጆግና ጠርሙስ ይዘው በራችን ላይ ይቆማሉ። አብዛኞቹ ገንዘብ አይዙም፤ የወር ዱቤ ነው።

እናቴ ቁርኣን ትቀራለች፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማረችም። አገሯ ጅማ ነው፤ አማርኛን የለመደችውም በጆሮዋ፣ ካገባች በኋላ ነው። ስለዚህ የዱቤውን ደብተር የሚጽፉላት የልጅ ልጆቿ ናቸው፤ ያውም በዚያ ሰዓት የነቃው። ባለፈው ረመዳን ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር በሒሳብ ሳይግባቡ ቀሩ። ደብተሩ አንድ ይላል፣ ሴትዮዋ ሌላ ትላለች፣ የጻፈው የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው እንደነበር ያምናል። እናቴ «የሰው ሐቅ ይዤ አልሞትም» ብላ ልዩነቱን ተወችው። ነገሩ ግን ከሆዷ አልወጣም።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ የሚናገረው መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የአል-በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በዚህ አንቀጽ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክርም እንዲኖር ያዛል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስቀራው ጸሐፊው ሰው መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ንግግርን ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም የመሥራት የኮርስ ሥራ ተሰጣት። የመጀመሪያው ዕቅዳቸው ማንኛውንም የአማርኛ ንግግር የሚጽፍ ማሽን ነበር፤ ያውም በአንድ ሴሚስተር! አስተማሪያቸው «አጥብቡት» ብሎ መለሰላቸው። ልጄ አኩርፋ እራት ላይ ስታወራ እናቴ ሰማችና፣ «እስቲ የኔን ወተት ይጻፍልኝ» አለች። ሳቅን። በማግስቱ ግን ዕቅዱ ያ ሆነ፤ ቁጥሮች፣ ሊትር፣ ብር፣ «ወሰደ»፣ «ከፈለ»፣ ሌላ የለም።

ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው ጆሮ ነው፤ የብዙ ሰው ድምፅ ከነጽሑፉ ይሰጠውና ድምፅን ከቃል ማያያዝ ይማራል። ሁለተኛው የቋንቋ ሞዴል የሚሉት ነው፤ ይህም የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የማወቅ ልማድ ነው። ሰው «አሰላሙ» ሲል እኛ ሳይጨርስ «ዐለይኩም» እንደምንጠብቀው ማለት ነው።

በአማርኛ ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰሎሞን ተፈራ ከባልደረቦቻቸው ጋር በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሥራ የሚሆን 20 ሰዓት ያህል የአማርኛ ንባብ አዘጋጅተዋል። ያነበቡት 100 ሰዎች ሲሆኑ 80ዎቹ የአዲስ አበባ አነጋገር ያላቸው ናቸው። ማርታ ይፍሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአማርኛን የቋንቋ ሞዴል በቃላት እርባታ ላይ መሥርተው አጥንተዋል። «አልነገርኋቸውም» የሚለው አንድ ቃል በሌላ ቋንቋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነውና፣ ቃል በቃል መቁጠር ለአማርኛ አያዋጣም። ከውጭ የመጡት ትልልቆቹም ቢሆኑ ገና ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የሚባለው ፕሮግራም 680 ሺህ ሰዓት ንግግር ተምሮ ሳለ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ባወጡት ጽሑፍ አማርኛ ላይ የስሕተቱ መጠን ከ100 ቃል ከ100 በላይ ነው። እንዴት ከመቶ ይበልጣል? ብትሉ፣ የተለወጠውና የተዘለለው ቃል ብቻ ሳይሆን ማንም ያልተናገረው የተጨመረውም ስለሚቆጠር ነው። ያልተባለ የሚጽፍ ጸሐፊ!

ለቋንቋ ሞዴሉ ልጆቹ የእናቴን ያረጁ የዱቤ ደብተሮች ከሣጥን አወጡ። ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይገኛል? ግን አንዱ ደንበኛ አንድ ቦታ «ሙሐመድ»፣ ሌላ ቦታ «ሙሃመድ»፣ ሌላ ቦታ «መሀመድ» ሆኖ ተገኘ፤ ማሽኑ ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በዚህም በዚያም ስሞቹ ወጥተው እያንዳንዱ ቤት በቁጥር እንዲተካ ተወሰነ። የሰው ዕዳ ደግሞ የሚዘራ ወሬ አይደለም።

ድምፅ መሰብሰቡ ላይ ልጄ ከእኔ የበለጠች አስተዋይ ሆና አገኘኋት። ለመሞከሪያ ያህል ከሠፈሩ አሥር ሰው ለመቅዳት ስትነሣ፣ ድምፁ ለምን እንደሚፈለግ በአማርኛም በኦሮምኛም እየነገረች ፈቃድ ጠየቀች። አንዲት ጎረቤት «ድምፄን ወንድ ይሰማዋል ወይ?» አለቻት። ቡድኑ ሦስቱም ሴቶች ስለሆኑ የሴቶቹን ድምፅ እነርሱ ብቻ እንዲሰሙት ቃል ገቡ፤ በዕቅዱም ጻፉት። ሌላዋ ከሁለት ቀን በኋላ መጥታ «ድምፄን መልሱልኝ» አለች። ፊቷ ላይ አጠፉላት፤ ሻይም ጠጥታ ሄደች። አማና ማለት ይኸው ነው።

ለመቀዳት ከሁሉ የቸኮለችው እናቴ ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ብትቀመጥ ልጄ፣ «እማማ፣ እርስዎ ለፈተና ነዎት» አለቻት።

«ፈተና? በዚህ ዕድሜዬ?»

መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ኡስታዙ ደረሳውን ዛሬ ጠዋት ያስቀራውን ገጽ ብቻ ቢጠይቀው፣ ልጁ በቃሉ ይዞት ይሁን ማንበብ ችሎ አያውቅም። ያላየውን ገጽ ይገልጥለታል። ማሽኑም ድምፃቸውን ጨርሶ ሰምቶት በማያውቀው ሰዎች መፈተን አለበት።

ታዲያ የመጀመሪያው ሙከራ ሲያልቅ ልጄ እየሮጠች መጣች፤ ማሽኑ ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በትክክል ጽፎ ነበር። «በማን ላይ ሞከራችሁት?» አልኳት፤ ከራሷ የተማርኩትን መጠየቄ ነው። ዝም አለች። የተቀዱትን ዓረፍተ ነገሮች እንጂ ሰዎቹን አልለዩም ኖሯል፤ የአንዱ ሰው ድምፅ በትምህርቱም በፈተናውም ውስጥ ነበር። ሰዎቹን ለይተው ደግመው ሲሞክሩት ውጤቱ ወረደ፤ በጣም ወረደ። የፊተኛው ቁጥር ጥሩ ማርክ ያስገኝ ነበር፣ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ያን ሌሊት የክፍሏ መብራት ሲበራና ሲጠፋ አየሁ። ጠዋት ሁለቱንም ቁጥር ከነምክንያቱ ዕቅዱ ላይ ጽፋ አሳየችኝ። ምንም አላልኳትም፤ አልሐምዱሊላህ ያልኩት በልቤ ነው።

እናቴም ተፈተነች። «ሰባት ሊትር» ብትለው «ሰባ ሊትር» ብሎ ጻፈ። ሲነግሯት፣ «ሰባ ሊትር የምታለብ ላም ብትኖረኝ ገፈርሳ ምን እሠራለሁ?» አለች። የእርሷ አማርኛ የኦሮምኛው ልማድ አለበት፤ አናባቢውን ትስባለች። የሠፈራችን ግማሹም እንደዚያው ነው የሚናገረው።

የሊትሩ ስሕተት ቀላል ነው። በአሮጌው ደብተር «ሰባ ሊትር» የሚል አንድም ቦታ የለምና የቋንቋ ሞዴሉ ያርመዋል። የብሩ ግን አስፈራኝ። ሰባ ብርም ሰባት ብርም ያለ ነገር ነው፤ ጆሮው ሲጠራጠር ልማዱ ይወስንና አዘውትሮ ያየውን ይጽፋል። የተባለውን ትቶ የተለመደውን የሚጽፍ ጸሐፊ በፍትሕ ጻፈ ይባላልን? በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን ጸሐፊ እንቅልፋሙ ልጅ ይሻለዋል፤ ልጁ ቢያንስ ይጠየቃል። ደግሞም በተለመደው አቆጣጠር «እና» የምትል ቃል መሳትና «ሰባ» መሳት እኩል አንድ ስሕተት ናቸው። ልጆቹ የቁጥር ስሕተትን ለብቻው ሊቆጥሩ ተስማሙ።

ለጥርጣሬው መፍትሔ የሰጠችው ሳታውቀው እናቴ ናት። «ከመጻፉ በፊት ምን እንደሰማ ይንገረኝ፤ በኦሮምኛ» አለች። በኦሮምኛ ሰባት «ቶርባ»፣ ሰባ «ቶርባታማ» ነው፤ የሚምታታ ነገር የለም። ስለዚህ ማሽኑ የሰማውን በልጄ ድምፅ በተቀዱ የኦሮምኛ ቁጥሮች ደግሞ ያሰማል፤ ወተት ሰጪዋም ተቀባይዋም «አዎ» ሲሉ ብቻ ይጽፋል። ምስክሮቹ ተገኙ ማለት ነው።

ዕቅዱ ባለፈው ሳምንት ለአስተማሪው ገባ። ማሽኑ እስኪሠራ ድረስ ደብተሩ አሁንም በትንሹ ልጅ እጅ ነው። እናቴ ግን ጆጉን ከመሙላቷ በፊት ታስቆመውና «የጻፍከውን ጮክ ብለህ አንብብ» ትለዋለች። እርሱም ዓይኑን እያሸ «ቶርባ!» ይላል።