ግንበኛውና ልጁ

ልጆች ሆይ፤ አንድ ትልቅ ቤት ባማረ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱን ያደንቃል። ድንጋዩን የጠረበውንና ጭቃውን ያቦካውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ አስተውላችሁ አንብቡ።

በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ በምትባል ከተማ አንድ ግንበኛ ይኖር ነበር። ድንጋይ እየጠረበ የሰው ቤት ይሠራል፤ በዚያም ሥራ ሚስቱን፣ አንድ ወንድ ልጁንና አንዲት ሴት ልጁን ያስተዳድራል። እጁ ሻካራ፣ ልብሱም ሁልጊዜ አቧራ የጠጣ ነበር።

ወንዱ ልጅ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን በአባቱ ሥራ ያፍር ነበር። አባቱ መዶሻውን ይዞ በትምህርት ቤቱ ደጅ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። አንድ ቀን ጓደኞቹ «አባትህ ምን ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁት «ነጋዴ ነው» ብሎ መለሰ። አባቱ በቅጥሩ ማዶ ድንጋይ ሲጠርብ ይህን ቃል ሰማ። እጅግ አዘነ፤ ሆኖም ልጁን አልተቆጣውም፤ አልመታውምም።

በዚያው ማታ ለሚስቱ «ጊደሪቱን ሸጠን ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ እንውሰዳቸው፤ ታላላቆቹን ሕንፃዎች ይዩ» አላት። እርስዋም «የልጆቼ አባት፣ ግንብ ለማየት ጊደር ይሸጣልን? የነገ ወተታችን ከርስዋ አይደለምን?» አለችው። እርሱም «ጊደር ብትሸጥ ሌላ ጊደር ትገዛለች፤ የልጅ ልብ ከራቀ ግን በምን ይገዛል?» አላት። ነገሩ በገባት ጊዜ ዝም ብላ ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት ጀመረች።

በ2006 ዓ. ም. በየካቲት ወር፣ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፣ አራቱም መንገድ ጀመሩ። በመኪና ወደ ሐሙሲት፣ ከዚያም ዓባይን በድልድይ ተሻግረው ወደ ባሕር ዳር ገቡ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተሳፍረው የጎጃምን አገር አቋረጡ። ደጀንን ባለፉ ጊዜ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሓ ወረደ። ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ታዩ፤ አንደኛው አሮጌ፣ ሁለተኛውም በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ. ም. የተመረቀው ነው። የአዲሱ ርዝመት 303 ሜትር ነው።

ሴቲቱ ልጅ «ይህን ገደል ጠርቦ መንገድ ያወጣ ማን ይሆን?» አለች። አባቷም «መንገድ መሥራት ለንጉሥም አያሳፍርም። በአገራችን፣ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በሚባል ስፍራ ዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩ ነበር። በ1860 ዓ. ም. ትልቁን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ እርሳቸው ራሳቸው ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገዱን ሠሩ» አላት። ወንዱ ልጅ ይህን ሰምቶ ዝም አለ።

አዲስ አበባም በገቡ ጊዜ አስቀድመው የአፍሪቃ ኅብረትን ሕንፃ ከውጭ አዩ። ይህ ሕንፃ በቻይና መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ በ2004 ዓ. ም. የተመረቀ ሲሆን ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ እያየ «አባቴ በዕድሜው ሙሉ የሠራው ቤት ሁሉ ቢደራረብ ከዚህ አይደርስም» ብሎ በልቡ አሰበ።

በማግሥቱም ፈቃድ አግኝተው በ1953 ዓ. ም. ወደ ተመረቀው ወደ አፍሪቃ አዳራሽ ገቡ። አስጎብኚው «የዚህን ቤት ንድፍ ያወጣ አርቱሮ መዘዲሚ የሚባል ኢጣልያዊ ነው። በ1955 ዓ. ም. የአፍሪቃ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ያቋቋሙት በዚህ ቤት ነው» አላቸው። እናትየዋም «ድንጋዩን የተሸከሙትስ ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚውም ጥቂት ዝም ብሎ «እናቴ፣ የእነርሱን ስም እኔ አላውቅም» አላት። ግንበኛው ግን እጁን በግድግዳው ላይ አድርጎ የድንጋዩን መጋጠሚያ በጣቱ ይከተል ነበር።

ከዚያ በኋላ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው በመስታወቱ ሥዕል ፊት ቆሙ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ፣ ሰማያዊውና ቢጫው በወለሉ ላይ ፈሰሰ። አስጎብኚውም እንዲህ አለ፦ «ይህን የሠሩት የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በልጅነታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበለ። በኋላም በኢጣልያ፣ በፈረንሳይ፣ በእስፔንና በግሪክ እየተዘዋወሩ የመስታወት ሥዕል አሠራርን ተማሩ። በሎንዶን፣ በፓሪስና በቫቲካንም አንድ ሌላ ነገር ፈለጉ።»

ልጁም «ምን ፈለጉ?» አለ።

«ከኢትዮጵያ የሄዱትን የብራና መጻሕፍት ፈለጉ፤ አባቶቻችን የሣሉትን ሥዕል ሊያጠኑ። የሌላውን አገር ጥበብ እየተማሩ የአባቶቻቸውን እጅ ሥራ አልናቁም።»

ልጁ ራሱን ዝቅ አደረገ። አስጎብኚውም «አንተ ጥሩ ትጠይቃለህ፤ አባትህ ሥራቸው ምንድን ነው?» አለው። ልጁ ወደ አባቱ እጅ ተመለከተ፤ ከዚያም ሁሉ እስኪሰማው ድረስ «ግንበኛ ነው፤ በአንበሳሜ ብዙ ቤት ሠርቷል» አለ። አባቱ ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑ እንባ ስላቀረረ ብቻ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። እናትየዋም ስለ ጊደሪቱ ከዚያ ቀን ወዲያ አላነሣችም።

ልጆች ሆይ፤ ትልቅ ቤትም እንደ ትንሽ ቤት ያረጃል። ያ አዳራሽ ራሱ አርጅቶ ስለ ነበር በብዙ ድካም ታድሶ በ2017 ዓ. ም. እንደ ገና ተከፈተ። በሠሩትም ጊዜ ባደሱትም ጊዜ ድንጋዩን ያነሣው፣ መስታወቱንም የጠረገው የሠራተኛ እጅ ነው። እንግዲህ ሩቅ አገር ሄዳችሁ ጥበብን እዩ፤ ተማሩም። ያሳደጋችሁን እጅ ግን አትፈሩበት፤ እርሱ ባይሠራ ኖሮ እናንተ ከምን ላይ ቆማችሁ ሩቁን ታዩ ነበር?