የውኃ ተራ

አጎቴ የሽንኩርት ገበሬ ናቸው፡፡ ማሳቸው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ይጠጣል፡፡ ልጠይቃቸው ወርጄ፣ በዚያ በቆላው ወበቅ ከማንጎ ጥላ ሥር አረፍ ብለን ስንጨዋወት፣ «መንግሥት ለኪነ ጥበብ በጀት ቢመድብ ትርፉ ለሀገር ነው» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ፡፡ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ በ2014 ጦርነቱ እዚህ ደርሶ ምን እንዳደረገን ረሳኸው? የፈረሰው ሳይጠገን ለክራር ብር?» አሉኝ፡፡

አፈርሁ፡፡ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ብዕር ያነሣሁት እሱን ፍለጋ ነው፡፡

ስለ ጥበብ ስንሟገት አብዛኞቻችን ጎብኚን በምስክርነት እንጠራለን፡፡ ይፋት ይህ ምስክር አይጠፋትም፤ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የነገሠባት ምድር ናት፣ የኖራና የአስባሪ ጥንታዊ ከተሞች ፍርስራሽም እስከ ዛሬ ይታያል፡፡ ነገር ግን ጎብኚ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ቀድሞ የሚሰናበት እንግዳ ነው፤ በእርሱ ትከሻ ላይ የቆመ ክርክርም አብሮት ይሄዳል፡፡

የእኔ ምስክር ሌላ ነው፡፡ በልጅነቴ፣ በደርግ ዘመን፣ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው፡፡ ክራሩ የቀበሌው፣ አዳራሹ የቀበሌው፤ እውነቱን ለመናገር መዝሙሩም የቀበሌው ነበር፡፡ ከመካከላችን አንድ አብሮ አደጌ ድምፅ ተሰጥቶት ነበር፡፡ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ቡድኑ ተበተነ፣ ክራሩ የገባበት ጠፋ፣ አዳራሹ የሽንኩርት መጋዘን ሆነ፡፡ አብሮ አደጌም ጫኝና አውራጅ ሆነ፡፡ ዛሬም ሠርግ ሲኖር ይጠሩታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘፍን አድሮ፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል፡፡ ከዳሱ ውጭ መንገድ ላይ የቆመውም፣ ከአጥር ማዶ የተኛውም ይሰማዋል፡፡ ሁሉም ይጠቀማል፣ ከፋይ ግን የለም፡፡ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ገበያ የማይከፍለው ጥቅም የሚሉት ይህንኑ ነው፡፡

ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላም ችግር አሳይተዋል፡፡ በአጎቴ አካባቢ የውኃ ሞተር የገባ እንደሆነ፣ በባልዲ ቀኑን ሙሉ ይጠጣ የነበረ መሬት በሰዓታት ይጠግባል፡፡ ከመቶ ዓመት በፊት አምስት ደቂቃ የፈጀ እንጉርጉሮ ግን ዛሬም አምስት ደቂቃ ይፈጃል፡፡ የሌላው ሥራ ምርትና ደመወዝ እያደገ ሲሄድ፣ ዘፋኙን መድረክ ላይ ማቆየት በየዓመቱ እየተወደደ ይሄዳል፡፡ አብሮ አደጌን ከክራር ወደ ጆንያ የወሰደው ስንፍና አልነበረም፤ ይህ ሒሳብ ነው፡፡

ታዲያ መንግሥት ከፍሎ ያውቃል? ያውቃል፡፡ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ለሙዚቀኞቻቸው ደመወዝ ይቆርጡ ነበር፡፡ ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም በክብር ዘበኛ ያለፉ ናቸው፡፡ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1960ዎቹ መግቢያ ሕጉን ደፍሮ ማሳተም ጀመረ፡፡ ድፍረቱ የእርሱ ነው፤ ያሳተማቸው ድምፃውያንና ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ግን በመንግሥት ደመወዝ የተገሩ ነበሩ፡፡ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ የሰማው ያንን ዘመን ነው፤ አሳታሚው ደግሞ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፡፡ ወጪው በእኛ መዝገብ፣ ሽያጩ በሰው መዝገብ! ያስቆጫል፤ ገንዘቡ ባክኖ አለመቅረቱን ግን ያስረዳል፡፡

የሚከፍል እጅ አፍ መያዝም ይወዳል፡፡ የመንግሥት አሳታሚ የነበረው ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አሳተመ፡፡ ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፡፡ ስለዚህ እኔ የምመኘው ለመዝሙር የሚቆረጥ ደመወዝ አይደለም፡፡ አዳራሽ፣ መሣሪያና አስተማሪ ይበቃኛል፤ ምን እንደሚዘፈን ለዘፋኙ ይተው፡፡ ይህን ድንበር ማን ያስከብራል ብትሉኝ፣ እንደ አጎቴ ጥያቄ አንገቴን ያስደፋኛል፡፡

ያን ማታ የአጎቴ የውኃ ተራ ነበር፡፡ ባትሪ ይዤ ተከተልኋቸው፡፡ በአካፋ የቦዩን አፍ እየከፈቱ፣ «ይህን ዋናውን ቦይ እያንዳንዳችን ለየማሳችን እንቆፍር ብንል ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ሽንኩርት የሚባል አናውቅም ነበር» አሉ፡፡ ስለ ክራር እያወሩ አልነበረም፡፡ ውኃው መውረድ ሲጀምር ቀና ብለው፣ «ያ አብሮ አደግህ ለልጄ ሠርግ ይመጣልን ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ፡፡

«ስንት ይከፍሉታል፣ ጋሼ?»

«ምን ክፍያ አለው? በሬ ጥለን እናበላዋለን» አሉ እየሳቁ፡፡