«ኳስ የለም» ብዬ ወጣሁ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ደረሰኝ። ኳስ ግን አልነበረም። እኔም የቅርጫት ኳስ ሕጎችን በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ፣ ልጆቹን አስገልብጬ ወጣሁ። «መሣሪያ ከሌለ ምን ላድርግ!» ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ማታ ተኝቼ ሳስብ ግን የደቡብ ሱዳን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ትዝ አለኝ። አገሪቱ ነፃ የወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለፓሪስ ኦሊምፒክ ስትቀርብ ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ በአገሯ አንድም አልነበራትም። ሆኖም ሐምሌ 13 ቀን ለንደን ላይ በተደረገው የወዳጅነት ግጥሚያ አሜሪካ ያሸነፈቻት 101 ለ100 ነው፤ በአንዲት ነጥብ! ሐምሌ 21 ቀን ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወቱ ሲሰለፉ ደግሞ በስሕተት የሱዳን መዝሙር ተሰማ። የራሳቸው እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ 90 ለ79 አሸነፉ። ኋላ በአሜሪካና በሰርቢያ ተሸንፈው ያለ ሜዳሊያ ተመለሱ።

እርግጥ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በስደት ውጭ አገር ያደጉ፣ ሜዳም አሠልጣኝም ያገኙ ናቸው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ «መሣሪያ አያስፈልግም» አልልም፤ በጣም ያስፈልጋል። የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ኳሱ እስኪመጣ መሮጥ፣ መዝለል፣ መቀባበል ይቻል ነበር። የጨርቅ ኳስ መሥራት ከኔ ይልቅ የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው፤ አልጠየቅኳቸውም።

በሚቀጥለው ልምምድ ሜዳ እንወጣለን። ቅርጫት ባይኖር እንቅብ አይጠፋም።