ፎርማት ከማድረግ፣ ካርድ ከመግዛት በፊት

አዲስ አበባ ላይ ዋይፋይ እምቢ ያለው ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ፍርድ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለምርመራው ገንዘብ ተቀብለው «የዋይፋይ ካርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ይሉሃል፤ አለዚያም አዲስ ላፕቶፕ እንድትገዛ ይመክሩሃል። አንዱ ፋይል ያስጠፋል፣ ሌላው ኪስ ያራግፋል። ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ካርዱ ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምልክቱ ይታወቃል። ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩ ደህና ይሠራል፤ አጥፍተው ሊኑክሱን፣ ለምሳሌ ኡቡንቱን፣ ሲያስነሱ የኔትወርኮቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ከዚህ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ፋስት ስታርታፕ ነው። ኮምፒውተሩን «ሸት ዳውን» ስንለው ዊንዶውስ የከፈትናቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የራሱን ከርነልና የድራይቨሮቹን ሁኔታ ግን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሲከፈት ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። ካርዱም ዊንዶውስ በተወው ሁኔታ ሊቆይ ይችላል፤ ያኔ ሊኑክስ እንደ አዲስ ሊያስነሳው ቢሞክር አይመልስለትም።

«ሪስታርት» ግን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ምንም አያስወጣም፦ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሪስታርት በሉና በዚያው ወደ ሊኑክስ ግቡ። ዋይፋዩ ከመጣ ምክንያቱ ተገኘ። ከዚያ ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ፣ የፓወር ቁልፉ ሥራ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ፋስት ስታርታፕን አጥፉት። የዊንዶውሱን ዲስክ ከሊኑክስ ሆኖ ለሚጠቀም ሰው ፋይል እንዳይበላሽም ይጠቅማል።

የሀገር ቤት ባለሙያዎችን አንድ ልማድ ግን ከልብ አደንቃለሁ፦ ሳይፈቱ አያምኑም። ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅለው የፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይይዙታል። የተረፈው ኤሌክትሪክ ሲያልቅ ካርዱ የነበረበትን ሁኔታ ይለቅና ብዙ ጊዜ ይነሳል። እዚህ «ዋስትናው ይፈርሳል» ተብሎ ስለሚፈራ ላፕቶፕ የሚከፍት ጥቂት ነው፤ በዚህ የእኛዎቹ ይበልጣሉ። ፋስት ስታርታፑ ካልጠፋ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ የሠራው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለብዙዎቹ ኡቡንቱ ላይ ድራይቨር ለብቻው መጫን አለበት፣ ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ ዳታውን አጋሩት። ከተጫነም በኋላ ካልሠራ ሴኪዩር ቡት ከልክሎት እንደሆነ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ እዩ።

ሁለቱንም ሲስተም ጭናችሁ ለእህት ለወንድም ላፕቶፕ የምትልኩ ወገኖች፣ አደራ፣ ከመላካችሁ በፊት ፋስት ስታርታፕን አጥፉ። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች መልሰው ሊያበሩት ስለሚችሉም የሚጠፋበትን መንገድ በአማርኛ ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ጋር ላኩ። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በከንቱ ፎርማት እንዳይጠፋ ይህች ወረቀት ትበቃለች።