ዓመቱን ሙሉ ያዳመጠው ማን ነው?

በየዓመቱ ኅዳር ሲያልቅ የብዙ ሰው ስልክ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያል። ደማቅ ቀለም የተቀባ ካርድ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ ቁጥር። «ዘንድሮ ይህን ያህል ሺህ ደቂቃ አዳመጥኩ፤ አንደኛ ዘፋኜ እገሌ ነው።» ስፖቲፋይ ይህን ማጠቃለያ «ራፕድ» ብሎ ማውጣት የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። አፕል ሚዩዚክ «ሪፕሌይ»፣ ዩቲዩብ ሚዩዚክ ደግሞ «ሪካፕ» የሚሉት ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ለእኛ አገር ሰው ዓመቱ ገና ሦስተኛ ወሩን ሳይጨርስ «ዓመትህ እንዲህ አለፈ» የሚል መልእክት መድረሱ ትንሽ ያስቃል። ቢሆንም ሁሉም ይከፍተዋል፣ ብዙውም ለጓደኛ ያጋራዋል።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር አንድ አበሻም በየዓመቱ ያጋራል። ሥራው መኪና መንዳት ስለሆነ ደቂቃው ብዙ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ፉክክር ቢጤ አላቸው። ያለፈው ጊዜ ካርድ ግን ያልጠበቀውን ስም አመጣ። አንደኛ፦ አለሙ አጋ። የበገናው አለሙ አጋ።

ጓደኞቹ ወዲያው ተረባረቡበት። «አባ፣ ይፍቱኝ!» አለ አንዱ። «መቼ ነው የምትመነኩሰው?» አለ ሌላው። እሱም እየሳቀ እውነቱን ነገራቸው፦ ያዳመጡት እናቱ ናቸው። ከጥምቀት በኋላ ሊጠይቁት መጥተው ስድስት ወር ቆይተው ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ታብሌት አስቀምጦ በራሱ አካውንት በገናና መዝሙር እንዴት እንደሚከፈት አሳይቷቸዋል። ዐቢይ ጾም ላይ በገና መስማት ደግሞ ለእሳቸው ከልጅነታቸው የመጣ ነው። ጓደኞቹ በልብ ምልክት አጥለቀለቁት፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር።

አላበቃም። የደቂቃው ድምር ካለፈው ዓመት ሦስት እጥፍ ሆኖ አየው። እናቱ ሲጠየቁ «ትንሽ ትንሽ ነው የምሰማው» ይሉ ነበር። ይህ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ካርዱ የመረጃው ቅንጣት ብቻ መሆኑን ነው። የስፖቲፋይ ተጠቃሚ በብሮውዘር ወደ አካውንቱ ገብቶ፣ ከግላዊነት ገጹ ላይ ሙሉ የማዳመጥ ታሪኩን መጠየቅ ይችላል። በኢሜይል ማረጋገጫ ይላካል፤ ፋይሉ እስኪዘጋጅ እስከ 30 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሲመጣ ቀለም የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፤ ረጅም የጽሑፍ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ዘፈን መቼ እንደተጫወተ፣ በየትኛው ዓይነት መሣሪያ፣ ከየትኛው አገር፣ ለስንት ሚሊ ሰከንድ፣ ሰው ነክቶት ይጀምር ወይም ያለፈው ሲያልቅ በራሱ ይቀጥል፣ ሁሉም ተጽፏል።

ሰውየው ጠየቀ። ፋይሉ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀር ደረሰው። የታብሌቱን ከስልኩ ለይቶ ማንበብ ጀመረ።

በመጀመሪያ ያየው የቀኑን ነበር። እሱና ባለቤቱ ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ከሚወጡበት ሰዓት ጀምሮ ልጆቹ እስኪመለሱ በገናው አይቋረጥም። ሰባት ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ስምንት ሰዓት ያለ ፋታ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዷቸው ብቻ ዝርዝሩ ባዶ ነው።

ከዚያ ደግሞ ከመጋቢት በኋላ ባሉት ወራት በየቀኑ ማለት ይቻላል 06፡00 ገደማ የሚጀምር ነገር አየ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ለጸሎት ሲነሱ ነው» ብሎ አለፈው። ትንሽ ቆይቶ ግን በዚያ ፋይል ላይ ያለው ሰዓት የሜሪላንድ ሳይሆን የዓለም አቀፉ ሰዓት መሆኑን አወቀ። ለሜሪላንድ በዚያ ወቅት አራት ሰዓት ይቀነሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ። የሌሊቱ የመጀመሪያ ዜማ ሁልጊዜ በጣት ተነክቶ የተጀመረ ነው። ሌላው ተከታትሎ የሄደ ነው።

ለአዲስ አበባ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይደመራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት። እናቱ ሰፈር ውስጥ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ቡና የሚያፈሉበት ሰዓት።

እዚህ ላይ ጉዳዩ የሙዚቃ መሆኑ ቀረ። ሰውየው ዜግነት ካገኘ ቆይቷል፤ እናቱን ጠቅልሎ ለማምጣት ፎርሙን እየሞላ ነበር። እሳቸውም ጠይቋቸው «እሺ፣ አንተ ካልክ» ብለውታል። ስድስቱን ወር በሙሉ «እንዴት ነው፣ ተመቸሽ?» ሲላቸው «ምን ጎድሎብኝ ልጄ!» ነበር መልሳቸው። የፋይሉ መልስ ሌላ ነው።

ደወለላቸው።

«እማዬ፣ እዚህ እያለሽ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይልሽ ነበር እንዴ?»

«ማን ነገረህ?»

«ታብሌቱ።»

«አይ እሱ! ይናገራል ደግሞ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። «ቤቱ ጭር ሲል የሰው ድምፅ ይሁነኝ ብዬ ነው። አንተን ምን ልበልህ? ደክመህ ነው የምትገባው።»

ካርድ ማጋራት ነውር የለበትም። ሰው የወደደውን ዘፈን ለወዳጁ ማሳየቱ ድሮም የነበረ ነው፤ ካሴት መዋዋስም ይኸው ነበር። ካርዱ የተሠራበትን ዓላማ ማወቅ ግን ደግ ነው። እያንዳንዱ የሚጋራ ካርድ ኩባንያው ያልከፈለበት ማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ የሚወጣው ሰው ሊኮራበት ወይም ሊስቅበት የሚችለው ብቻ ነው። አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ ማን እንዳዳመጠው ግን ቆጣሪው አያውቅም። በአንድ አካውንት ወንድምና እህት፣ እናትና ልጅ በሚጠቀሙበት ቤት «የእኔ ዓመት» የሚባለው የማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከታክሲ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ደግሞ ከነጭራሹ አይመዘገብም።

ሌላው ነገር ከበድ ይላል። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በየሌሊቱ እንደማይተኛ የሚያሳየው መረጃ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ልጃቸው ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ አላወቀም። ዓመቱ ሲያልቅም ያ ሁሉ ሌሊት በደማቅ ቀለም ተደምሮ «ስንት ደቂቃ አዳመጥክ!» የሚል ሙገሳ ሆኖ መጣለት። ቁጥሩ አልዋሸም። ደቂቃው ግን የደስታ ይሁን የብቸኝነት ካርዱ አይለይም፤ ያንን መለየት የቤተሰብ ሥራ ነው። ስለዚህ አጋሪው ካርዱን ካጋራ በኋላ ፋይሉንም ቢጠይቅ አይከፋም። የራሱ ነው፣ ክፍያም የለውም። እንቅልፍ ያጣበትን ወር፣ አንድ ዘፈን ደጋግሞ የሰማበትን ሳምንት፣ ምንም ያልሰማበትን ቀን እዚያ ያገኘዋል።

የሜሪላንዱ ሰው ፎርሙን አልቀደደውም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። እናቱን በግልጽ ጠየቃቸው። እሳቸውም በግልጽ መለሱ፦ ለፋሲካ መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ የቀረው እያደር ይታያል። እስከዚያው ዓርብ ማታ ከሥራ ሲገባ ቶሎ አይተኛም። አሁን ክረምቱ ገብቶ የአሜሪካ ሰዓት ስለተቀየረ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ይደውላል። አዲስ አበባ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ጀበናው ተጥዷል፣ ጎረቤቶቹ ተቀምጠዋል፣ ስልኩም ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል።